የጠራ ድምፅ

ጣ፣ ጣ።

ብረት እንጨት ሲመታ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ይከፈትልኛል ብሎ ሳይሆን ለወጉ ያህል በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ከድምፁ በቀር ያየው ነገር አልነበረም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ማይኩን ከፍቶ፣ የዕቃ ቤቱን ዝምታ እየሰማ ነበር። ሥራ ሊጀምር ሲል ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰው ማዕድ ከመቅረቡ በፊት እጁን እንደሚታጠብ እሱም ጆሮውን በዝምታ ይታጠባል። ዕቃ ቤቱን ከፊተኛው ክፍል የሚለየው ግን ስስ ጣውላ ብቻ ነውና ማይኩ የወዲያኛውን ሁሉ እንደ ወንፊት እያሳለፈ ያመጣለታል። ከብረቱ ቀጥሎ የአክስቱ ድምፅ መጣ፤ በማዳመጫው ሲገቡ የራስ ቅሉ መሀል ወንበር ስበው የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። «ይኸው፣ እሱም ተስማምቷል» አሉ። «እኔ መቼ አጣሁት? ወንድሜ ድሮም ልበ ሰፊ ነው።»

ሁለት ማለት ግን «አይሆንም» ነው። አንድ «እሺ»፣ ሁለት «አይሆንም»፣ ሦስት «ኑልኝ»። አባቱ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሆኖ ድምፁ እዚያው ሆስፒታል ከቀረ ወዲህ በቤቱ ያለው አንደበት ይኸው ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያና የእንጨት ወንበሩ ክንድ። እናቱ ቋንቋውን ባንድ ቀን ለመደችው። እህቱ ሥራ ስለምትውል እየተሳሳተችም ቢሆን ለመደችው። አክስትየው ግን ለመማር ጊዜ አላገኙም፤ ወይም ደግሞ የወንድማቸውን ነገር ከማንኪያ አፍ መስማት ክብራቸውን ነክቶት ይሆናል። ድምፁ የጠፋ ሰው ጆሮውም አብሮ የጠፋ ይመስላቸዋልና ሲያናግሩት ይጮኻሉ፤ ሌላውን ጊዜ ደግሞ እግሩ ሥር ተቀምጠው ስለ እሱ እንደሌለ ሰው ያወራሉ። እርግጥ ይህ የሳቸው ብቻ አልነበረም። ቤቱ ሁሉ ሳያውቀው «እሱ እኮ» ማለት ጀምሮ ነበር።

ነገሩ የክፍል ነገር ነው። እህቱ ፀጉር ሠሪ ናት። የተከራየችበት ቤት ባለቤት ኪራይ ጨምሮባት፣ ገና ያንን ሳትለምደው እንደገና ጨምሮባት፣ አሁን ውጪልኝ ወደማለቱ ደርሷል። የአባቷ ክፍል ደግሞ መንገድ ላይ ነው፤ በሩ ወደ ውጪ ይከፈታል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሁለት መስተዋት ቢሰቀልበት ያለቀለት የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። አባቷ ከታመመ ወዲህ የዳቦውም፣ የመድኃኒቱም፣ የመብራቱም ነገር በእሷ ጣቶች ላይ ወድቋል። ስለዚህ አክስትየው ወግነውላት በጠዋቱ መጥተው ነገሩን እንደ ልብስ አጥፈው አስቀመጡት፤ አባትየው ወደ ዕቃ ቤቱ ይገባል፣ የልጁ ኮተት ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ አልጋው ይነሣል። «እዚያ ብርድም አያገኘው፣ የመኪና ጩኸትም የለበት» አሉ። «ለማይናገር ሰው መስኮት ምን ያደርግለታል?» መስኮትና ምላስ በምን እንደተዛመዱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እናትየው ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል። እሷ ሲከፋት «ዝም አይነቅዝም» የምትል ሴት ናትና ዛሬም ያልነቀዘውን ዝምታዋን ብርጭቆው ላይ ታፈስሰው ጀመር።

ልጁ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ሁለት እኮ አይሆንም ማለት ነው» ሊል ነበር። በሩ እጀታ ላይ ግን እጁ ቆመ። ከልጅነቱም እንዲህ ነው፤ ቃል እስኪመርጥ ነገር ያልፈዋል። ሰፈሩ «ጆሮ» ብሎ ስም ያወጣለት በማዳመጫው ብቻ አይደለም፤ ሲያወሩት እየሰማ፣ እየሰማ፣ እንደ ጆሮ መልስ ስለማይሰጥ ነው። ከዚህም ሌላ ዛሬ ከክርክር የተሻለ መልስ ነበረው። መልሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። አልጋው ከመነሣቱ በፊት ሁሉንም አባቱ ክፍል ሰብስቦ ያሰማቸዋል። ይህ ሰው ማን እንደነበረ፣ አሁንም ማን እንደሆነ፣ ያኔ ትዝ ይላቸዋል። ያፍራሉ። አክስቱ ራሳቸው «መስኮቱ ይቅርለት» ይላሉ። ይህን በልቡ ደጋግሞ አይቶታል፤ እናቱ ስታለቅስ፣ እህቱ መስተዋቷን ወዲያ ስታዞር፣ አባቱ ደግሞ ማንኪያውን አንስቶ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጣ።

አባቱ ቀለም ቀቢ ነበር። ቀለም ቀቢ ብቻ ግን አልነበረም፤ ባዶ ቤት ውስጥ የሚዘፍን ቀለም ቀቢ ነበር። ቤት ሊቀባ ሲሄድ መጀመሪያ ዕቃውን ያስወጣና መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ አንዴ «ሆ» ይላል። ግድግዳው «ሆ» ብሎ ከመለሰለት ሥራውን በፈገግታ ይጀምራል፤ ካልመለሰለት ደግሞ ዋጋ ይጨምራል ይሉ ነበር ሰዎች፣ እየሳቁ። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ የተረፈውን በቆርቆሮው ከንፈር ላይ ሲያራግፍ፣ ጣ... ጣ... ጣ፣ በዚያው ላይ ዘፈኑን ያነሣል። የቤቱ ባለቤቶች ቀለሙን ሊያዩ መጥተው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይቀራሉ። ልጁ ትንሽ ሳለ የአባቱ ሥራ መዝፈን፣ ቀለሙ ደግሞ ለምክንያት ያህል ይመስለው ነበር። ከዘፈኖቹ ሁሉ አንዱ የራሱ የአባቱ ነው፤

ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ ቤቱ አማረበት፣
የቀባው ሰውዬ አላደረበት።

ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ ድምፁ እንደማይመለስ ሲነግራቸው ይህችን ዘፈን እንዲያስቀርላቸው የለመነው ልጁ ነው። ዕቃ ቤቱን በብርድ ልብስ ለበጠው፤ ጣሪያውን፣ በሩን፣ ማዕዘኖቹን። ያረጀ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቆመ። አባቱ ያንን የእንጨት ወንበር ይዞ ገብቶ ተቀመጠና እንደ ልማዱ «ሆ» አለ። ምንም አልተመለሰለትም። «ይሄ ቤት እኮ አይመልስም፣ ልጄ» አለና ሳቀ፤ ያኔ ሳቁ ገና አልጠፋም ነበር። ቢሆንም ዘፈነ። ቆርቆሮ ስላልነበረ በጋብቻ ቀለበቱ የወንበሩን ክንድ እየመታ ዘፈነ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሲጨርስ ላቡን ጠረገና «በቃ፣ ይቺው ትበቃለች» አለ። ዛሬ ያ ቀለበት ከጣቱ እየወለቀ ስላስቸገረ እናቱ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራዋለች፤ ማንኪያው የመጣው ለዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ሚክሲንግ ተማረ። አስተማሪው ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰውዬ ነበር፤ ግማሹ የማይገባው ቋንቋ የሚናገር፣ ሁልጊዜ ጥቁር ሸሚዝ የሚለብስ፣ ከኋላው ውድ ውድ ስፒከሮች የተደረደሩለት። የአንዱ ስፒከር ዋጋ ይህን ቤት ከነሰዎቹ ይገዛል፣ አለች እህቱ አንድ ቀን በትከሻው ላይ አጎንብሳ አይታ። የገባው ግን በደንብ ገባው። ሚክሲንግ ማለት ለእያንዳንዱ ድምፅ መቀመጫ መስጠት ነው፤ ከበሮው ከታች፣ ዜማው ከጎን፣ ድምፃዊው ከፊት፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳይጋርድ። ማስተሪንግ ደግሞ ሁሉን ሰብስቦ አልብሶ ወደ አደባባይ ማውጣት ነው፤ በስልክም ቢሰማ፣ በመኪናም ቢሰማ እንዳያሳፍር። ከሁሉ በፊት ግን፣ ይል ነበር ሰውዬው፣ ማጽዳት። ዘፈን ያልሆነ ድምፅ ሁሉ ቆሻሻ ነው።

የአባቱ ድምፅ በስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከፍ ዝቅ እያለ ይታያል። በተራሮቹ መሀል ደግሞ ቀጫጭን እሾሆች ቆመዋል። እነዚያ የቀለበቱ ድምፆች ናቸው። መጀመሪያ ሲያያቸው አባቱን ቀለበትህን አውልቅ ሳይለው በመቅረቱ በራሱ ተናደደ። ከዚያ ነቀላቸው፤ አንድ በአንድ፣ እናት ከልጇ እግር እሾህ እንደምትነቅል፣ እንዳያመው ትንፋሿን ይዛ። ሥራው ወራት ፈጀበት። እሾሁ ካለቀ በኋላ ትንፋሹን ቀነሰ፣ ጉሮሮ ሲጠራ የሚሰማውን አወጣ፣ ሻካራውን አለሰለሰ። ቢቱን፣ የከበሮውን ምት፣ ሠርቶ ከሥሩ ሲያስገባ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ አባቱ ከቢቱ ጋር አይሄድም። አንዱ ቃል ላይ ይዘገያል፣ «አላደረበት» ሲል ደጅ ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ እንደሚል ሰው ያመነታል። ልጁ እያንዳንዱን ቃል ከቦታው እየቆረጠ አምጥቶ በከበሮው ምት ላይ አስቀመጠው። ሲያልቅ ዘፈኑ ቀጥ ብሎ የተተከለ አጥር ይመስል ነበር። እጅ በአፍ ያስጭናል። ሬዲዮ ላይ ቢሰማ ማንም ዕቃ ቤት ውስጥ ተሠራ አይልም።

አሁን የቀረው ያለቀውን ዘፈን በአንድ ፋይል ማውጣት ነበር። ከጣውላው ወዲያ አክስቱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጀምረው ነበርና ማይኩን ዘጋው። ፕሮግራሙን አዘዘው። ኮምፒውተሩ ትንሽ አጉረመረመና ቦታ የለም አለ። አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ፣ የማይረባውን ሁሉ አንድ በአንድ ካጠፋለትም በኋላ ሁልጊዜ የጠገበ። ልጁ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል ፈለገ። ፎቶዎቹን ቀደም ብሎ አጥፍቷል። ትምህርቶቹንም አጥፍቷል። ትልቁን ቦታ ይዞ የተቀመጠው «ጥሬው» ብሎ የሰየመው ፋይል ነበር፤ ያኔ የተቀዳው፣ ከነቀለበቱ፣ ከነትንፋሹ፣ ያልተነካው። ባለ ጥቁር ሸሚዙ ሰውዬ ወስናችሁ ወደፊት ሂዱ፣ ወደኋላ የሚያይ ሥራ አይጨርስም ይል ነበር። ደግሞስ ቤቱ ከታነጸ በኋላ አሸዋውን ማን ያስቀምጣል? ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። እርግጠኛ ነበር። ፋይሉ ሲጠፋ ምንም ድምፅ አላሰማም። ልጁ ቀለል ብሎት፣ ወገቡን እያንጠራራ፣ የጠራውን ዘፈን ፍላሽ ላይ ጭኖ ወጣ።

ማስተሪንግ የተማረ ሰው ሥራውን በመኪና ሳይሰማ አያወጣም። መኪና ያለው ጎረቤት ደግሞ ሹፌሩ ብቻ ነው፤ ሥራ ከሌለበት ታክሲውን ደጁ ላይ ሲያጥብ የሚውል፣ ከሚስቱ ይልቅ ጎማውን የሚያሞግስ ሰው። ልጁን ሲያየው «አንተ ጆሮ፣ ዛሬ ፀሐይ ከየት ወጣች?» አለው። ፍላሹን ተቀበለውና በጨርቅ ጠርጎ ሰካው። ከዚያ ሞተሩን አስነሣ። ሞተር ሳይኖር ዘፈን መስማት ለሱ ውሃ ሳይኖር መዋኘት ነው አለ። ልጁ ከጎኑ ተቀምጦ የከበሮውን ክብደት ደረቱ ላይ ለካ፤ ከታች አልበዛም፣ ከላይ አልሾለም፣ ድምፁ ከፊት መስታወት ላይ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል። ልቡ ሞቅ አለው። ሹፌሩ በጣቱ መሪውን እየመታ ጨረሰውና «ጎበዝ ነው» አለ። «ማነው ልጁ? ገና ጎረምሳ ነው አይደል? ለትልቅ ደረጃ ይደርሳል።»

«አባዬ ነው» አለ ልጁ፤ ኩራቱን መደበቅ አቃተው።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ፊቱ እንደመፈገግ፣ እንደመገረምም አለ። ደግመህ ክፈትልኝ አለና አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ አሁን በመሪው ላይ አልመታም። የቤቴን በር የቀባልኝ እኮ አባትህ ነው አለው፣ ያን ዕለት ሥራ ቀርቼ ነው የዋልኩት። ዘፈኑ ሲያልቅ የቀኝ ስፒከሩን በጥፊ ነካ ነካ አደረገው። ይቺ ነገር ሰሞኑን ድምፅ ትበላለች፣ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ከሷው ይሆናል አለ። ልጁ ስፒከሯ ምንም እንዳልሆነች ጆሮው ያውቃል። ምን ጎደለ ብሎ ሊጠይቀው ነበር፤ ቃል እስኪመርጥ ግን ሹፌሩ ስለ ጎማ ዋጋ ጀመረ። ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ጥሬውን ልስማውና ላወዳድር የሚል ሐሳብ ብልጭ አለበት። ወዲያው ማጥፋቱ ትዝ አለው። እርምጃውን አፈጠነ።

ቤት ሲደርስ የአባቱ ክፍል ግማሹ ተነቅሎ ጠበቀው። ቁም ሣጥኑ ወደ በሩ ተገፍቷል፣ ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ እህቱ በክር ግድግዳውን ትለካለች፤ መስተዋቱ እዚህ፣ መታጠቢያው እዚያ። አባቱ መስኮቱ ሥር በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወደ መንገዱ ያያል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ፎጣ፣ ጭኑ ላይ ማንኪያው። ልጁ ጎንበስ ብሎ «አባዬ፣ ዘፈንህ አለቀ። ላሰማህ?» አለው። አባቱ ቀና ብሎ ፊቱን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ማንኪያው አንድ ጊዜ መታ፤ ጣ፣ ጠንከር ያለች፣ ልጁ ከሰማቸው ሁሉ የጠነከረች። በዚህ ሁሉ ወር ውስጥ ልጁ ስለዚህ ዘፈን አባቱን የጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

እህቱ ከፀጉር ቤቷ ያመጣችውን ስፒከር ሰካችለት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እስቲ ዛሬ ለኛም ይሁን» አለችና ክሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች የመንገዱ በር ደፍ ላይ ተቀመጠች። እናትየው እጇን እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች። አክስትየው የተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ አልጋው መች ነው የሚነሣው እያሉ፣ ቶሎ በሉ፣ መሸብን እያሉ። ከዚያ ዘፈኑ ገባ። ከበሮው ክፍሉን ሞላው፣ ዜማው ከጎን መጣ፣ ድምፁም መሀል ላይ ቆመ። አክስትየው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። እናትየው ወደ ግድግዳው ዞረች። የእህቱ ጣት ላይ ክሩ ቆመ። ልጁ ያሰበው ሁሉ እንዳሰበው እየሆነ ነበር። ወደ አባቱ ዞሮ አየ።

አባቱ ዓይኑን ጨፍኗል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን ተከትሎ ሳይሆን ቀድሞት፣ ከዚያም ጠብቆት። ማንኪያው ከጭኑ ተነሣና የወንበሩን ክንድ መታ። ጣ። ከበሮው አልፎታል። አባቱ ቅንድቡን ሰብሰብ አደረገ፣ ትንሽ ቆየ፣ እንደገና መታ። አሁንም አልፎታል። በራሱ ዘፈን ውስጥ መግቢያ የጠፋው ሰው፣ በሩን ባስቀመጠበት ቦታ ግድግዳ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ልጁ ያኔ ሰማው። ያቺ ድምፅ ናት። ወራት ሙሉ በጣቱ ጫፍ የነቀላት፣ ብረት እንጨት ሲመታ፤ ዘፈኑ ድሮም የቆመባት፣ አባቱ የሚዘገየው የሚጠብቃት ስለነበር። ማንኪያው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያለ ሲፈልግ እናትየው በችኮላ ዞራ ውሃ ነው ወይ አለችው። እህቱ ቆይ፣ ምን ብሎ ነው አለች። አክስትየው እንባቸውን በነጠላቸው ጥለት እየጠረጉ፣ በፍቅር፣ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርገው ጮኹበት።

«እስቲ ዝም በል ወንድሜ፣ ድምፅህን እንስማበት።»

ማንኪያው ቆመ። ዘፈኑ ቀጥ ባለው አጥሩ ሥር እየሄደ «አላደረበት» ላይ ደረሰ፤ ሳያመነታ፣ በሰዓቱ፣ እንደ ሠለጠነ ወታደር ገባ። አባቱ ያን ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። ስፒከሩን አላየም፤ የሚያየው ልጁን ነበር። ቁጣ ያለበት ዓይን አይደለም። ባዶ ቤት ገብቶ «ሆ» ብሎ መልስ ያላገኘ ሰው ዓይን ነው። ልጁ ጥሬውን አለኝ፣ አሁኑኑ አመጣልሃለሁ ማለት ፈለገ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ሳይዘገይ አፉ ላይ ደርሶለት ነበር። የጠፋው ቃል አልነበረም፤ ፋይሉ ነው።

ዘፈኑ አለቀ። ከዚያ አክስትየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ልጁን ወደ ራሳቸው ጎትተው ግንባሩን ሳሙት። ተባረክ አሉት፣ እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜን መለስክልን፣ እንዲያውም ከድሮው አምሮበታል። እናትየው ግን መሐረቧን ፈትታ ቀለበቱን በመዳፏ ላይ ታገላብጠዋለች። አክስትየው ፊታቸውን ካደረቁ በኋላ ብርታታቸው ተመለሰና ከፍራሹ ላይ ተነሡ። «እንግዲህ ድምፁ ተቀምጦልናል» አሉ ለእህትየው፣ እያጽናኗት። «ስንፈልግ እንሰማዋለን። ከእንግዲህማ የትም ክፍል ቢተኛ ምን ቸገረው? በሉ አልጋውን ያዙልኝ።»

እህትየው ተነሣች፣ ግን አልጋውን አልያዘችም። የወንድሟን ፊት አየች፣ የአባቷን አየች፣ ዘፈኑን ዝጋው ለማለት ይመስል እጇን ዘረጋች። ስፒከሩ ግን ፀጉር ቤት የለመደ ስፒከር ነው፤ አንድ ዘፈን ሲያልቅበት ራሱ መልሶ ይጀምራል። ከበሮው እንደገና ገባ።

አባትየው የወንበሩን ክንድ ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ብቻውን ከደጅ ወጥቶ አያውቅም። ኮፍያውን ከምስማሩ አወረደ። በእጁ ጀርባ መስኮቱን ገፋ አድርጎ ዘጋው፤ የቀባውን ቤት ለባለቤቱ ሲያስረክብ እንደሚያደርገው። እናትየው «የት ነው?» አለችው፣ ድምፅዋ ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ ብሎ። በእህትየው ክርና በአክስትየው እግር መሀል አለፈ፣ ልጁ ጋ ሲደርስ ትከሻውን ነካ አድርጎት አለፈ፣ የመንገዱን በር ከፈተና ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ልጁ ሮጦ በሩ ጋ ቆመና ጆሮውን ሰጠ። ከስፒከሩ ሹፌሩ ያለው ያ ጎረምሳ ግድግዳው ነጭ ሆነ ይላል። ከውጪ የማንኪያውን ሦስት ምት ጠበቀ፤ ሁለትም ቢሆን፤ አንድም ቢሆን። ከኋላው እናቱ አንድ ነገር አየችና አነሣችው።

ማንኪያው ወንበሩ ክንድ ላይ ቀርቶ ነበር።